ወገቡን የሚያጥፈው አዞ

ከሰሜን ስዊዘርላንድ ወደ ጣሊያን የሚወርደው የጎታርድ የተራራ ሐዲድ ቫሰን የምትባል መንደር ሲደርስ ዳገቱን ፊት ለፊት መጋፈጥ አይችልም። ተራራው ውስጥ እየገባ፣ እየዞረና እየተመለሰ ከፍታውን በጥቂት በጥቂቱ ያሸንፈዋል። ስለዚህ ተሳፋሪው የመንደሯን ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ ያያታል፤ መጀመሪያ ቀና ብሎ፣ ቀጥሎ በትይዩ፣ በመጨረሻ ቁልቁል። ኩርባዎቹ ጠባብ ናቸው፤ የአንዳንዱ ራዲየስ 300 ሜትር እንኳ አይሞላም። በእነዚህ ኩርባዎች ላይ ለአሥርት ዓመታት ረጃጅም የዕቃ ፉርጎዎችን ሲጎትት የኖረው ሎኮሞቲቭ ክብደቱ 128 ቶን፣ ርዝመቱ ከ19 ሜትር በላይ ነበር። ይህን የሚያክል ብረት ኩርባ ላይ ሲደርስ ግትር ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይገረማል። አፍንጫው ቀድሞ ይዞራል፤ ጋቢናው ይከተላል፤ የኋላው ክፍል በመጨረሻ ይታጠፋል። ስዊዞች ስሙን «አዞ» አሉት።

ለባቡር የሚወጣ የቀልድ ስም ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ጨዋታ ይታለፋል። እኔ ከዚህ የበለጠ ክብር ይገባዋል እላለሁ። ጥሩ የቀልድ ስም ከጥሩ ዓይን ነው የሚወጣው። ስሙን ያወጣው ሰው ብረቱን አይቶታል፤ ያውም ከላይ ከላይ ሳይሆን ሲሠራ፣ ሲታጠፍ፣ ሲያቃስት አይቶታል። «አዞ» የሚለው ስም የመሐንዲሶቹን ድካም አንድ የቴክኒክ ሰነድ ከሚገልጸው ባላነሰ ይገልጻል። ይህን ለማየት ግን ወደ ብረቱ መጠጋት ያስፈልጋል።

የመዝገብ ስሙ «ሲኢ 6/8» ነው። ቁጥሩ ከስምንት አክስሎቹ ስድስቱ በሞተር እንደሚነዱ፣ ሁለቱ ክብደት ብቻ እንደሚሸከሙ ይናገራል። የብረት ሥራውን የሠራው የቪንተርቱሩ የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ሲሆን የኤሌክትሪኩ ሥራ የኦርሊኮን ፋብሪካ ነው። ከ1919 እስከ 1922 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 33 ተሠሩ፤ በ1926 እና በ1927 ደግሞ ትንሽ የተሻሻሉ 18 ተጨመሩ። የተወለደው ከችግር ነው። ስዊዘርላንድ የሚበቃት የድንጋይ ከሰል የላትም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከውጭ የሚመጣው ከሰል ሲወደድና ሲጠፋ ባቡሮቿ ሊቆሙ ደረሱ። ውኃ ግን ከተራራው ሁሉ ይወርዳል። እናም በ1882 የተከፈተው የጎታርድ መስመር፣ 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ዋሻው ጭምር፣ ከ1920 እስከ 1922 ባለው ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ ተዛወረ። ዳገቱ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 26 ሜትር ገደማ ከፍ የሚል ነው። ለመኪና መንገድ ይህ ምንም አይደለም፤ በለሰለሰ ሐዲድ ላይ በለሰለሰ ብረት መንኮራኩር ለሚወጣ ከባድ ባቡር ግን ከባድ ፈተና ነው።

የመሐንዲሶቹ ራስ ምታት ሞተሩ ነበር። የዚያ ዘመን የባቡር ኤሌክትሪክ ሞተር ግዙፍ ነው። ሽቦው የሚያመጣው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ 15,000 ቮልት ሲሆን በሰከንድ የሚዞረው 16 ከ2/3 ጊዜ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቤታችን የሚገባው የ50 አንድ ሦስተኛ መሆኑ ነው። ዙሩን ዝቅ ያደረጉት በሞተሩ ውስጥ ካርቦኖቹ የእሳት ብልጭታ እንዳያበዙ ነው። እንዲህም ሆኖ አስፈላጊውን ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በመንኮራኩሮች መካከል ካለው ክፍተት ውስጥ አልገባ አለ። ስለዚህ ወደ ላይ ወጣ፤ ከሻሲው በላይ ሁለት ሁለት ሆነው አራት ሞተሮች ተቀመጡ። ሞተሮቹን የሚሸፍን ረዥም ኮፈን ያስፈልግ ነበርና ከፊትም ከኋላም ዝቅ ያለ አፍንጫ ወጣ። ከባዱ ትራንስፎርመር ደግሞ መካከል ላይ፣ ከሁለቱ ነጂ ክፍሎች ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ገባ። ነጂው ረዥሙን ኮፈን አሻግሮ ሐዲዱን ያያል።

ኮፈኖቹ ከመካከለኛው ቤት ጋር አንድ ወጥ ሆነው ቢሠሩ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያበቃ ነበር። ኩርባው እንዲህ ያለውን ረዥም አካል አያሳልፍም። የተደረገው ነገር ድፍረትም ብልሃትም የተሞላበት ነው፤ እያንዳንዱ ኮፈን ከሥሩ ካሉት መንኮራኩሮች ጋር በአንድ ሻሲ ላይ ታሰረ፤ መንኮራኩሮቹ በዞሩ ቁጥር እሱም ሞተሮቹን ይዞ ይዞራል። መካከለኛው ቤት በሁለቱ ሻሲዎች ላይ በምሰሶ ላይ እንዳለ ሆኖ ተንሳፈፈ። በኮፈኑና በጋቢናው መካከል ለመታጠፊያ የሚሆን ክፍተት ተተወ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይህ ክፍተት ዓይን ውስጥ አይገባም። ኩርባ ላይ አንዱ ጎን ይጠባል፣ ሌላው ይሰፋል። በአካሉ ላይ ያለው መስመር ሁሉ ይሰበርና ቀጥ ሲል መልሶ ይገጥማል። እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ የሚሠራ ላሜራ ሠሪ ሚሊ ሜትሩን መቁጠር አለበት፤ ሲታጠፍ ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋጭ፣ ሲዘረጋም አፉን ከፍቶ እንዳይቀር።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን ከወገቡ በታች ያለው ሥራ ነው። ሞተሮቹ ከላይ፣ መንኮራኩሮቹ ከታች ናቸው። ጉልበቱ እንዴት ይውረድ? ሞተሮቹ በጥርስ አማካይነት አንድ ወፍራም ሻፍት ያዞራሉ። ይህ ሻፍት በሁለቱ የሎኮሞቲቭ ጎኖች ብቅ ብሎ እንደ መንኮራኩር ይዞራል፤ ሐዲዱን ግን አይነካም። ከእሱ ላይ በጋራዥ ቋንቋ ቢየላ የምንለው የብረት ክንድ ተነሥቶ ዲያሜትራቸው 1.35 ሜትር ወደሆነ መንኮራኩሮች ይሄዳል፤ ሌላ አግድም ቢየላ ደግሞ ሦስቱን መንኮራኩሮች እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። በመጀመሪያዎቹ 33 ላይ ሻፍቱን ከመንኮራኩሮቹ ጋር የሚያገናኘው ባለሦስት ማዕዘን የብረት ፍሬም ነው። በኋለኞቹ 18 ላይ ያ ፍሬም ቀርቶ አንድ ዘመም ያለ ቢየላ ብቻ ተተካ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የመሐንዲስ አእምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምን ያህል እንደሚጠራ ያያል። ተመሳሳይ ሥራ፣ ያነሰ ብረት፣ ያነሰ መገጣጠሚያ።

አስቸጋሪው ነገር መንኮራኩሩና ሻፍቱ በአንድ ዓይነት ሕይወት አለመኖራቸው ነው። ሻፍቱ በሻሲው ላይ ተተክሏል፤ አይነቃነቅም። መንኮራኩሩ ግን በባሌስትራ ላይ ተቀምጧልና ሐዲዱ በተገጣጠመበት ቦታ ሁሉ ከፍ ዝቅ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ቢየላ ርዝመቱ አይለወጥም። እንግዲህ መገጣጠሚያዎቹ ያንን ከፍ ዝቅ ማለት መዋጥ አለባቸው፤ ያም ሆኖ ሳይላሉ በመቶ ቶኖች የሚቆጠር ፉርጎ የሚስብ ጉልበት ማሳለፍ አለባቸው። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ኩሽኔታ አለ፤ እያንዳንዱ ኩሽኔታ ዘይት ይፈልጋል። ከመነሣቱ በፊት የዘይት ቆርቆሮ ይዞ በዙሪያው የሚዞረው ሠራተኛ ከዲዛይነሩ እኩል የሥራው ባለቤት ነበር።

ሌላም አለ። የብስክሌት ፔዳል ልክ አናት ላይ ሲደርስ ቢረገጥም አይሄድም፤ የሞተ ቦታ አለው። ቢየላም እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው የአንዱ ጎን ክራንክ ከሌላው ጎን በ90 ዲግሪ ቀድሞ እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራው፤ በግራ ያለው የሞተ ቦታው ላይ ሲደርስ በቀኝ ያለው ሙሉ ጉልበቱ ላይ ነው። በመንኮራኩሩ ላይ ከክራንኩ ተቃራኒ ያለው የጨረቃ ቅርጽ ወፍራም ብረት ደግሞ የቢየላውን ክብደት እያመዛዘነ ሐዲዱን ከመደብደብ ይጠብቀዋል። ይህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ሜዳ ላይ ነው፤ ምንም መጋረጃ አልተደረገበትም። በጣቢያው ላይ የቆመ ሕፃን ጉልበት ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ በጣቱ እየጠቆመ መናገር ይችላል።

ቁልቁለቱንም በከንቱ አልወረደውም። ሞተሮቹ ሲወርድ ወደ ዲናሞነት ተለውጠው ባቡሩን ይይዙታል፤ ያመነጩትንም ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው ይመልሳሉ፤ የሚወርደው የሚወጣውን ያግዛል። ይህ የሆነው ከመቶ ዓመት በፊት ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። «አዞ» ምን ምን እንደያዘ ልብ ይሏል። ዝቅ ብሎ የተዘረጋ አፍንጫ አለው። መጀመሪያ ቡናማ የነበረው ቀለሙ ኋላ አረንጓዴ ሆኗል። ፍጥነቱ መጀመሪያ ሲሠራ በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበር፤ አይሮጥም፣ ግን የያዘውን አይለቅም። ጎኑ ላይ እግሮቹ ሲሠሩ ይታያሉ። ከሁሉ በላይ ግን ይታጠፋል። ቆሞ ያየው ሰው ስለ አፍንጫው ብቻ አዞ ሊለው ይችል ነበር፤ ሲሄድ ያየው ግን መታጠፉን አየ፤ ስሙም በዚያ ጸና። የቀልድ ስም ጥሩነት የሚለካው በዚህ ይመስለኛል። ደካማው ስም አንድ ነገር ይዞ ይቀራል፤ ብርቱው ስም ባየኸው ቁጥር ሌላ ነገር ይሰጥሃል።

በዚህ ሚዛን ሌሎቹን ብናያቸው ደረጃቸው ይለያያል። በደቡብ እንግሊዝ መሐንዲሱ ኦሊቨር ቡሌይድ ከ1945 ጀምሮ ያወጣቸው የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ጎናቸው ጠፍጣፋ ላሜራ ለብሶ ነበርና ሕዝቡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከሰለቸው የታሸገ ሥጋ ጋር አያይዞ «የስፓም ቆርቆሮ» አላቸው። ስሙ ልክ ነው፤ ግን ልብሱን እንጂ ሰውነቱን አላየም። ስፔኖች አንዱን ፈጣን ባቡራቸውን «ዳክዬ» ብለውታል፤ ጃፓኖች ደግሞ በ1999 ሥራ የጀመረውን ባለ700 ተከታታይ ሺንካንሰን ፕላቲፐስ በሚባለው የዳክዬ ምንቃር ባለው የአውስትራሊያ እንስሳ ጠርተውታል። የጃፓኑ ስም ሳያስበው ትልቅ ነገር ነክቷል። ፈጣን ባቡር ጠባብ ዋሻ ውስጥ ሲገባ ፊት ለፊቱ ያለውን አየር እንደ ቡሽ ይገፋዋል፤ በሌላው ጫፍም የፍንዳታ ድምፅ ይወጣና የመንደር ሰው ይረብሻል። ያ ጠፍጣፋና ሰፊ ምንቃር የተቀረጸው አየሩ ቀስ በቀስ እንዲጨመቅ ነው። እንስሳውን የጠቀሰ ሰው የዋሻውን ፊዚክስ ባያውቅም መሐንዲሱ የደከመበትን ቦታ በትክክል ጠቁሟል።

በጆሮ የወጣም ስም አለ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት ወደ ምሥራቅ ጀርመን የመጡት ኤም62 የተባሉ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች መጀመሪያ ድምፅ ማፈኛ አልነበራቸውም። ጀርመኖች «የታይጋ ከበሮ» አሏቸው። ድምፁ፣ የመጣበት አገር፣ ርቀቱ ሁሉ በሁለት ቃል ውስጥ አለ፤ በእኔ ፍርድ በጆሮ ከወጡት ሁሉ ይህ ይበልጣል። በዚያው አገር በገጠር መስመሮች ላይ የሚመላለሰው ትንሹ የሐዲድ አውቶቡስ ደግሞ «የአሳማ ግልገል ታክሲ» ተባለ፤ ገበሬው ከነንብረቱ ይሳፈርበት ነበርና። እዚህ ላይ ስሙ የወጣው ለብረቱ አይደለም፤ ለተሳፋሪው ነው። እኛም በአዲስ አበባ ሚኒባሱን ዶልፊን፣ መካከለኛውን አውቶቡስ ቅጥቅጥ ያልን ሕዝብ ነንና ይህን ጥበብ ማንም አያስተምረንም።

የአዞው ታሪክ በጣም የሚያስደስተኝ ግን ሕንድ ሲደርስ ነው። የቦምቤይን ምሥራቅ የሚዘጋው የጋት ተራራ እንደ ጎታርድ ሁሉ ዳገትና ኩርባ የሞላበት ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ መስመሩ በኤሌክትሪክ መሥራት ሲጀምር ለዕቃ ባቡሮቹ የተመረጠው የአዞው ቅርብ ዘመድ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶቹ የተሠሩት እዚያው ቪንተርቱር ውስጥ ሲሆን ሌሎቹ እንግሊዝ አገር ተሠሩ። አካሉ በሦስት የተከፈለ፣ ጎኑ ላይ ሻፍትና ቢየላ ያለው፣ የሚታጠፍ ነው። ሕንዶቹ ግን አዞ አላሉትም። አዞ በአገራቸው ወንዝ ሞልቶ ሳለ «ኬክዳ» አሉት፤ ሸርጣን ማለት ነው። ለምን? እኔ የዚህን ሎኮሞቲቭ ጎን በፊልም ደጋግሜ ስመለከት አንድ የራሴ ግምት ይመጣልኛል። ስዊዙ ከሩቅ፣ ከተራራው ማዶ፣ መላ አካሉ ሲታጠፍ አይቶት ይሆናል። ሕንዱ የሐዲድ ሠራተኛ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ እግሮቹን አይቶ ይሆናል፤ በጎን በኩል የሚርመሰመሱትን፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው የሚወድቀውን፣ የሚያንሾካሹኩትን ቢየላዎች። አንድ የእጅ ሥራ ሁለት ቦታ ላይ ሁለት እንስሳ ሆነ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ከእነዚህ ሸርጣኖች አንዱ ኒው ዴልሂ በሚገኘው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ቆሟል።

አንዳንዴ ስሙን የሚያወጣው ሠሪው ራሱ ነው። በ1941 በኒው ዮርክ ግዛት ስኬነክታዲ ከተማ ባለው የአልኮ ፋብሪካ ለዩኒየን ፓሲፊክ ኩባንያ ከነከሰልና ውኃ ፉርጎው ከ500 ቶን በላይ የሚመዝን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እየተገጣጠመ ሳለ አንድ ሠራተኛ ጠመኔ አንሥቶ ፊቱ ላይ «ቢግ ቦይ» ብሎ ጻፈበት፤ ትልቁ ልጅ። ኩባንያው በተራራ ስም «ዋሳች» ሊለው አስቦ ነበር ይባላል። የጠመኔው ጽሑፍ አሸነፈ። 25ቱም በዚያ ስም ኖሩ፤ ከመካከላቸው 4014 ቁጥር ያለው ታድሶ በ2019 እንደገና በእንፋሎቱ ተንቀሳቅሷል። እሱም እንደ አዞው ይታጠፋል፤ የፊተኛው መንኮራኩር ክፍል ከግዙፉ ቦይለር ሥር ለብቻው ይዞራል። ያ ሠራተኛ ብረቱን በእጁ ያሳደገ ነውና «ልጅ» ማለቱ አያስደንቅም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ስም ደግሞ ሊቶሪና ነው። ከምጽዋ ወደ አስመራ በሚወጣው ጠባብ ሐዲድ ላይ የሠራው የፊያት የመንገደኛ መኪና ስሙን ያገኘው ሙሶሊኒ ካስቆረቆራት ሊቶሪያ ከተማ ነው። ከተማዋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ላቲና ተብላለች፤ ስሙ ግን ባቡሩ ላይ ቀረ። ስለ ብረቱ ምንም አይነግረንም። ወደ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር የሚጠጋውን ያን ዳገት በዚያ ጠባብ ሐዲድ፣ በዚያ ትንሽ አካል ለወጣ ሥራ እንዲህ ያለ የፖለቲካ ስም መሰጠቱ ያሳዝነኛል። የአስመራ ሕዝብ ገና በመጀመሪያው ቀን ቆሞ አይቶ በራሱ ዓይን የራሱን ስም ቢያወጣለት ኖሮ ምን ይለው ነበር?

አዞው ግን ዘር አፈራ። በስዊዘርላንድ ግራውብዩንደን ተራሮች ላይ አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ የሚሄደው የሬሺያ ባቡር ኩባንያ ከ1921 እስከ 1929 ባለው ጊዜ 15 ቡናማ ሎኮሞቲቮች ሲያሠራ ሕዝቡ ሳያመነታ አዞ አላቸው። እነዚህ 66 ቶን የሚመዝኑ ናቸው፤ ከታላቅ ወንድማቸው በግማሽ ያነሱ፤ ነገር ግን ሥራቸው ያማረ ነው። ኦስትሪያም አዞ አላት፤ ጀርመንም። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን አሻንጉሊት ፋብሪካ በትንሹ ሲሠራው በየቤቱ ገባ። ልብ የሚነካው የፋብሪካው ብልሃት የአሻንጉሊቱም አካል በሦስት ተከፍሎ መታጠፉ ነው። በምንጣፍ ላይ ያለው ኩርባ ከጎታርድ ይልቅ ጠባብ ነውና መታጠፍ ለጌጥ አልነበረም።

ከ1952 ጀምሮ ሞተሮቹ ትንሽ እየሆኑ፣ ከአክስሎቹ አጠገብ መግባት እየቻሉ ሲሄዱ አዲሶቹ የጎታርድ ሎኮሞቲቮች አንድ ወጥ ሣጥን ሆኑ። ቢየላ የለም፣ አፍንጫ የለም። ሥራው ተሻሽሏል፤ ይህን አልክድም። አዞዎቹ ወደ ቀላል ሥራ ወርደው እስከ 1980ዎቹ ኖሩ።

በአውሮፓ ያለ አንባቢ ሉሰርን ወዳለው የትራንስፖርት ሙዚየም ቢሄድ ወይም ኤርስትፌልድ ላይ ቢወርድ አንዱን አጠገቡ ቆሞ ያገኘዋል። ሰው ሁሉ አፍንጫው ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሣል። እኔ የምመክረው ወደ ጎኑ መዞርን ነው። በመጀመሪያ ኮፈኑና ጋቢናው የሚገናኙበትን ክፍተት ከላይ እስከ ታች ይከተል። ቀጥሎ ሐዲዱን የማይነካውን ሻፍት ይፈልግ፤ ከእሱ የሚወጣው ቢየላ ዘመም ያለ ነው ወይስ ባለሦስት ማዕዘን? ከዚያ በማዶው ጎን ዞሮ የክራንኩን ቦታ ያነጻጽር፤ በዚህኛው ጎን አናት ላይ ከሆነ በዚያኛው አግድም ሆኖ ያገኘዋል።